ወራጅ አለ፣ ካፒቴን!

ሰው አብራሪ መሆኔን ሲሰማ የሚጠይቀኝ ሁለት ነገር ነው። "ደመና ውስጥ ስትገቡ አትፈሩም?" እና "ሞተሩ ድንገት ቢጠፋስ?" ለሁለቱም ሠልጥኜአለሁ። በየስድስት ወሩ ሲሙሌተር (መሬት ላይ ያለ የበረራ መለማመጃ) ውስጥ ያስገቡንና ሞተር ያጠፉብናል፣ እሳት ያስነሱብናል፣ ጎማውን አልወርድም ያሰኙብናል። ያላሠለጠኑን አንድ ነገር ብቻ ነው። ጎማው ገና መሬት ከመንካቱ ተነስቶ ሻንጣውን የሚያወርደውን ወገናችንን እንዴት እንደምናመሰግነው የነገረን የለም። እንግዲህ በራሴ መንገድ ልሞክረው።

ከድፍረቱ ልጀምር። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ስስ ነው። አየር ሲሳሳ ክንፉ አውሮፕላኑን ለመሸከም የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ስለዚህ ዱባይ ላይ በሰዓት 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ የሚያርፈው አውሮፕላን ቦሌ ሲመጣ ወደ 300 ተጠግቶ ነው መሬት የሚነካው። ክረምት ከሆነ ደግሞ መንደርደሪያው ውሃ ለብሷል። ጎማው ውሃውን ሰንጥቆ አስፋልቱን እንዲይዝ ጠበቅ አድርገን እናሳርፈዋለን። ("ምን ዓይነት ፓይለት ነው፣ ፈጠፈጠን እኮ!" የምትሉን ያን ጊዜ ነው። ለስላሳ ማረፍ ሁሌ ጥሩ ማረፍ አይደለም፤ ግን እሱ የሌላ ቀን ወሬ ነው።)

በዚያ ሰዓት እኔ በአምስት ማሰሪያ ከወንበሬ ጋር ታስሬአለሁ። ሁለት ትከሻዬ ላይ፣ ሁለት ወገቤ ላይ፣ አንድ በእግሮቼ መሃል። ረዳት አብራሪውም እንደዚሁ። አስተናጋጆቹም ከነትከሻቸው ታስረዋል። ሥራችን ይሄ የሆነው ሰዎች ሁላችን ታስረን፣ ወንበር 24ሲ ላይ ያለው ሰውዬ ግን ቀበቶውን ፈትቶ አንድ እግሩን መተላለፊያው ላይ አውጥቷል። ወንድ ማለት እንዲህ ነው እንጂ!

ስልኩን ደግሞ አትርሱብኝ። ገና ከመንደርደሪያው ሳንወጣ ደውሏል። "ሄሎ! አዎ፣ ደርሻለሁ! ወጣሁ፣ ወጣሁ! አንተ የት ነህ?" ወጣሁ ሲል እኛው ጋር ነው ያለው። በሩ ዝግ ነው፣ ሞተሮቹ ይሠራሉ፣ እኔ መታጠፊያዬን እየፈለግሁ ነው። ሊቀበለው የመጣው ወንድሙም "እኔም ደርሻለሁ፣ ፓርኪንግ ነኝ" ይለዋል። እሱ ደግሞ ገና ከሲኤምሲ አልተነሳም። ደግነቱ ሁለቱም ይተዋወቃሉ።

አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህን ጥድፊያ አለመሠልጠን ይሉታል። እኔ አልስማማም። ሰውዬው በደንብ የሠለጠነ ነው፤ ያሠለጠነው ሚኒባስ ታክሲ ነው። መገናኛ የምትወርድ ከሆነ መገናኛ ሳይደረስ "ወራጅ አለ!" ትላለህ። ጎንበስ ብለህ ትነሳለህ፣ የሰው ጉልበት ተሻግረህ በሩ ጋ ትጠብቃለህ። ካልሆነ ረዳቱ "ቶሎ በል እንጂ!" ብሎ ያዋክብሃል፤ ሾፌሩ ካልሰማህ ደግሞ አልፎህ ይሄዳል። በዚህ ሥርዓት ያደገ ሰው አውሮፕላን ሲገባ ትምህርቱን ለምን ይርሳ? ስጋቱ ግልጽ ነው። ካልተነሳ ይዘነው ልናልፍ እንችላለን። እርግጥ በሥራ ዘመኔ ቦሌ ላይ መውረድ አቅቶት ተመልሶ ወደ ዱባይ የተወሰደ መንገደኛ አላየሁም። ቢሆንም ሰው ይጠንቀቅ።

ከሁሉም የምትደንቀኝ ግን ሐሰተኛዋ መቆሚያ ናት። አውሮፕላን ከመንደርደሪያ ወጥቶ በአንድ ትንፋሽ ማቆሚያው ላይ አይደርስም። ሌላ አውሮፕላን እስኪያልፍ ይቆማል። ሁለት ዱላ ይዞ የሚመራን ሰው ቦታው ላይ ካልደረሰም ይቆማል። ታች ደግሞ የሻንጣ ጋሪ የሚጎትት አለ፣ የምግብ መኪና የሚነዳ አለ። አንዱ ሳያየን ከፊታችን ከገባ ፍሬን እንረግጣለን። ያን ጊዜ ቆሞ ሻንጣ በጭንቅላቱ ላይ ያነሳ ሰው፣ እሱም ከሥሩ የተቀመጡትም፣ ምን እንደሚገጥማቸው ለእናንተ ልተወው።

እና ማቆሚያው ሃምሳ ሜትር ሲቀረን ቆመን ተራ ስንጠብቅ፣ ከኋላችን ጉድ ይፈላል። የሻንጣ ሳጥኖቹ "ጓ! ጓ! ጓ!" እያሉ ይከፈታሉ። ከ2001 የኒውዮርኩ ጥቃት በኋላ የኮክፒት፣ የእኛ የአብራሪዎቹ ክፍል፣ በር ጥይት እንዲችል ተደርጎ ነው የሚሠራው። አሸባሪን የሚያስቆመው በር የወገኔን ጓጓታ ማስቆም አልቻለም።

ከዚያ የአስተናጋጆቹ አለቃ ትደውልልኛለች። "ካፒቴን፣ ተሳፋሪዎች ቆመዋል።" ሕጉ ሰው ቆሞ አትንቀሳቀስ ይለኛል። አልንቀሳቀስም። አውሮፕላኑ አልንቀሳቀስ ሲል ደግሞ፣ እስከዚያ በጨዋነት ተቀምጠው የነበሩትም "ደረስን ማለት ነው" ብለው ይነሳሉ። እኔ እስኪቀመጡ እጠብቃለሁ። እነሱ በሩ እስኪከፈት ይጠብቃሉ። ባለ ዱላው ሰውዬ ሁለት እጁን እንደሰቀለ እኔን ይጠብቃል። ሦስት መቶ ሰው እንዲህ በትዕግሥት የሚጠባበቅበት ሌላ አገር ካለ ንገሩኝ።

አስተናጋጇ በአማርኛ ትናገራለች፣ በእንግሊዝኛ ትደግማለች። ተነስታ አታስቀምጣቸውም፤ አውሮፕላኑ እስኪቆም እሷም ታስራ መቀመጥ አለባት። ካለችበት ሆና ትለምናለች።

"ጋሼ፣ እባክዎ ይቀመጡ፣ ገና አልቆምንም።"

"ኧረ ልጄ፣ አሥራ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተቀምጬ አይደል እንዴ የመጣሁት!"

ለዚህ መልስ የላትም። እውነታቸውን ነው። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ቀጥታ በረራ ነው፣ ወደ 13 ሰዓት ገደማ። ሲኬድ ግን ያው የቦሌ ስስ አየር ሰውም ነዳጅም ሙሉ ጭነን እንዳንነሳ ስለሚከለክለን፣ በዚያ ላይ ነፋሱ ከፊት ስለሚገጥመን፣ መንገድ ላይ አርፈን ነዳጅ እንቀዳለን። እዚያም ጀግኖቻችን አላሳፈሩንም። "ያረፍነው ለነዳጅ ነው፣ ባላችሁበት ቆዩ" ተብሎ ተነግሯል። ቢሆንም በርበሬና ሽሮ ያለበትን ሻንጣ አውርዶ፣ ታቅፎ፣ መተላለፊያው ላይ የቆመ ሰው አይጠፋም። ቪዛ በሌለው አገር፣ በማያውቀው ከተማ፣ ከነሽሮው ሊወርድ።

ይህን ሰው ግን ሰዓት አክባሪ ነው ብላችሁ እንዳታሙት። ሲሳፈር ስሙ በድምፅ ማጉያ ደጋግሞ የተጠራው እሱ ነው። "የመጨረሻ ጥሪ!" ሲባል ማኪያቶውን እየጨረሰ ነበር። ባለቤቱ ካልተሳፈረ ሻንጣው ብቻውን አይሄድም። ስለዚህ ሠራተኞቹ የዕቃ መጫኛው ውስጥ ገብተው፣ ጎንበስ ብለው፣ ከስንት መቶ ሻንጣ መሃል የእሱን ፍለጋ ይጀምራሉ። ልክ ሲያገኙት እሱም ብቅ ይላል። ይቅርታ ብሎ ነገር የለም፤ ፈገግ ብሎ "ደረስኩ አይደል?" ይላል። የእኛ የመነሻ ተራ አልፏል፤ ሌላ ተራ እስኪሰጡን መብራት አብርተን እንቀመጣለን። ለካ ሰውዬው ጥድፊያውን ቆጥቦ ለመውረጃ ነው ያስቀመጠው።

ሌላው ዓለም ይህ ጸጋ አልገባውም። ቱርኮች በ2025 አውሮፕላን ሳይቆም የሚነሳ መንገደኛ እንዲቀጣ አዲስ መመሪያ አወጡ። ቅጣቱ ወደ 70 ዶላር እንደሚጠጋ ተዘግቧል። በልማዱ ብቸኛ አለመሆናችንን ስሰማ፣ እውነት ለመናገር ትንሽ ከፋኝ። ጃፓኖቹ ደግሞ ጭራሽ የባሱ ናቸው። ጃንዋሪ 2 ቀን 2024 ቶኪዮ ሃኔዳ ላይ አንድ ኤርባስ ኤ350 ሲያርፍ ከባሕር ጠረፍ ጠባቂ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ ነደደ። ከጠረፍ ጠባቂዎቹ ስድስት ሰዎች አምስቱ ሕይወታቸው አለፈ። በትልቁ አውሮፕላን የነበሩት 379 ሰዎች ግን ጭስ እየገባባቸው ቆዩ ሲባሉ ቆዩ፣ ውጡ ሲባሉ ወጡ፣ ሁሉም ተረፉ። ሻንጣቸውን ጥለው! ላፕቶፕ የለ፣ የገዙት ሽቶ የለ። አውሮፕላን ፈቃድ ሲሰጠው ግማሽ በሮቹ ተዘግተው በ90 ሰከንድ ውስጥ ሰው ጨርሶ መውጣት አለበት፤ ሻንጣ ማውረጃ ደቂቃ ግን ማንም አልያዘልንም። ደንቡን ሲያወጡ ከእኛ ሰው አላማከሩም መሰለኝ።

አንድ ሰው ከዚህ ምስጋና ላውጣ። ከዓረብ አገር፣ ከስንት ዓመት በኋላ የምትመለሰዋን ልጅ። ጎማው ሲነካ እልል ትላለች፣ ታለቅሳለች፣ አንዳንዴም ትነሳለች። በእሷ መቀለድ አልችልም። ብቻ እህቴ፣ እልልታው ተቀምጦም ያምራል።

ወደ ጀግኖቻችን ስንመለስ 24ኤ ላይ፣ መስኮቱ ጋ ያለው ወንድማችን ልዩ ክብር ይገባዋል። መተላለፊያው ሞልቷል። መውጫ የለውም። ግን ተነስቷል። ከአናቱ የሻንጣ ሳጥን ስላለ ቀጥ ብሎ መቆም አይችልም። ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ፣ አንገቱን ወደ ትከሻው ሰብሮ፣ ጉንጩን ሳጥኑ ላይ ለጥፎ ይቆማል። አፍንጫው 24ቢ ብብት ሥር ነው። ሌሊቱን ሙሉ በደረቅ አየር ተቀምጦ እግሩ አብጧል። በዚያ ላይ በእነዚህ አዳዲስ አውሮፕላኖች ውስጥ የምንይዝላችሁ አየር 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው ዓይነት ነው። ቦሌ ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ እኛ ወደ መሬት ስንወርድ እሱ የሚተነፍሰው አየር እየሳሳ ነው የሚሄደው። ራስ ቢያዞረው አይፈረድበትም። ቢያዞረውም አይወድቅም፤ መውደቂያ ቦታ የለም። "ተቀመጥ እንጂ ወንድሜ" ብትሉት "አይ፣ ተመችቶኛል" ነው መልሱ።

በሩ ተከፈተ እንበል። ቦሌ ላይ ሁልጊዜ በድልድይ አይወረድም፣ አውቶቡስም አለ። 24ሲ ተጋፍቶ አውቶቡሱ ውስጥ ቀድሞ ይገባል። ቀድሞ ስለገባም እስከ ጥግ ይገፋል። የአውሮፕላኑን ደረጃ በዝግታ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ የሚወርዱት እማማ መጨረሻ ይገባሉ። አውቶቡሱ ተርሚናሉ ጋ ሲደርስ በሩ የሚከፈተው ለእማማ ነው። 24ሲ ከጥግ ሆኖ "አሳልፉኝ እንጂ!" ይላል። እማማ ኢሚግሬሽን ሰልፉ ላይ ከፊቱ ናቸው።

እኛ የምንነሳው ሁሉም ከወረደ በኋላ ነው። የሚነበብ ዝርዝር አለ፣ የሚፈረም መዝገብ አለ፣ ለቴክኒሽያኖቹ የሚነገር ነገር አለ። ሌሊቱን ስንበር ያደርን ሰዎች ስለሆንን እግራችንም እሺ አይለንም። ቦርሳችንን እየጎተትን በሻንጣ መረከቢያው በኩል ስናልፍ 24ሲ እዚያ ቆሟል። ማዞሪያው ባዶውን ይዞራል። ሻንጣ የሚያወርዱት ሰዎች ሥራ የሚጀምሩት ሞተር ካጠፋን በኋላ ነው፤ ማን ቀድሞ እንደቆመ የነገራቸው የለም።

የደንብ ልብሴን አይቶ ጠጋ አለኝ።

"ካፒቴን፣ ምነው ዛሬ እንዲህ አዘገያችሁን?"

ነፋሱ ከኋላ ገፍቶን ከሰዓታችን ሃያ ደቂቃ ቀድመን ነበር ያረፍነው።