«ጎል ስንት አለው?»

ትናንት ከሥራ ወጥቼ ሻይ ቤት ገባሁ። ከጎኔ ያለው ጠረጴዛ ላይ ስለ መስመር አጥቂዎች ክርክር ጦፏል። ዝም ብዬ ሻዬን ብጠጣ ምን ነበረበት? አላስቻለኝም፤ «የቀኝ መስመርን እንደ ናቫስ የኖረበት ማን አለ?» ብዬ ጣልቃ ገባሁ። አንደኛው ወዲያው «በረኛው?» አለኝ። ስለ መስመር አጥቂ እየተወራ በረኛ ያመጣብኛል! ኮስታሪካዊው ሳይሆን ስፔናዊው፣ የሴቪያው ኼሱስ ናቫስ ብዬ አስረዳሁ። ሁለተኛው ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል ያችን የምጠላትን ጥያቄ ወረወረብኝ፤ «ጎል ስንት አለው?»

በዚህች ጥያቄ አንጀቴ አሯል። ቢሮ ስገባ እሷ፣ ታክሲ ውስጥ እሷ፣ ፀጉሬን ልስተካከል ስቀመጥም እሷ ናት። ድሮ ጨዋታ አይተን ነበር የምንጣላው፤ አሁን ስልክ አይተን እንጣላለን። የውርርድ ትኬት የቆረጠውንስ እረዳዋለሁ፤ ገንዘቡ ስላለበት ቁጥር ቢቆጥር አይፈረድበትም። ምንም ያላስያዘው ሰው ግን ምን ሆኖ ነው እንደ ሒሳብ ሹም የሚሠራው? ዘጠና ደቂቃ ሙሉ መስመሩን ሲያርስ ያመሸ ተጫዋች ከስሙ አጠገብ ቁጥር ካልተጻፈለት ሜዳ አልነበረም ማለት ነው?

እሺ፣ እንቁጠር ካላችሁ እንቁጠር። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በዚያም እንዳንጣላ።)

ናቫስ በ1985 ከሴቪያ ከተማ በስተደቡብ ባለችው ሎስ ፓላሲዮስ ተወለደ። በ2003፣ ገና 18 ዓመት እንደሞላው፣ ለሴቪያ ዋናው ቡድን ተሰለፈ። ቀጭን፣ ዓይነ አፋርና ቃል የማይወጣው ልጅ ነበር። ሚያዝያ 2006 በዩኤፋ ካፕ (ዛሬ ዩሮፓ ሊግ በሚባለው የክለቦች ውድድር) ግማሽ ፍጻሜ ሴቪያ ከጀርመኑ ሻልክ ጋር ያለ ጎል ተያይዞ ወደ ተጨማሪ ሰዓት ሄደ። ከቀኝ በኩል ኳስ ተሻማ፤ አንቶኒዮ ፑዌርታ መሬት ሳታርፍ በግራ እግሩ መታት፤ ገባች። የሴቪያ ሰው ስለዚያች ጎል ዛሬም እንባ እየተናነቀው ነው የሚያወራው፤ ክለቡ ያኔ አልፎ የመጀመሪያውን የዩኤፋ ካፕ ዋንጫውን አንሥቷልና። ያሻማው ናቫስ ነው።

ፑዌርታ ነሐሴ 2007 ከሄታፌ ጋር በሚደረግ ጨዋታ ሜዳ ላይ ወደቀ። ከሦስት ቀን በኋላ ሆስፒታል ውስጥ አረፈ፤ ዕድሜው 22 ነበር። ናቫስ ከዓመታት በኋላ ከእንግሊዝ ወደ ሴቪያ ሲመለስ የመረጠው ማሊያ የፑዌርታን 16 ቁጥር ነው። ጫማ እስኪሰቅል ድረስ እሷን ለበሰ። ይህንን ደግሞ በየትኛው መዝገብ ልታሰፍሩት ነው?

ወደ ዋናው ልምጣ። ሐምሌ 4 ቀን 2002 በእኛ፣ እሑድ ማታ፣ የዓለም ዋንጫው የጆሃንስበርግ ፍጻሜ፤ ስፔን ከሆላንድ። ያን ምሽት ያየሁት ሰፈራችን ባለ ኳስ ማሳያ ቤት ውስጥ ነው፤ አግዳሚ ወንበሩ ሞልቶ ከኋላ ቆሜ፣ ከፊቴ የአንድ ረጅም ሰው ጭንቅላት። ናቫስ በ60ኛው ደቂቃ ፔድሮን ቀይሮ ሲገባ አጠገቤ ያለው ሰውዬ «ይህ ደግሞ ማነው?» አለ። ሰዓቱ እየገፋ ሄደ፤ ተጨማሪው ሰዓትም ሊያልቅ ተቃረበ፤ ሰው ስለ ፍጹም ቅጣት ምት ማውራት ጀመረ። ያኔ ናቫስ ኳሷን በራሱ ሜዳ፣ ተከላካይ በሚቆምበት ስፍራ አገኛት። ለጎኑ ሰው አቀብሎ ማረፍ ይችል ነበር፤ ሁሉም እግሩ ዝሏል። እሱ ግን ሮጠ። አንድ ሆላንዳዊ መጣበት፣ ሌላ ተጨመረበት፣ ከበቡት፣ እየተገፋ መሐል ሜዳውን አለፈ። ኳሷ ከእግሩ ስታመልጥ ኢኒየስታ ዘንድ ደረሰች፤ እሱ በተረከዙ ለፋብሪጋስ፣ ፋብሪጋስ መልሶ ለናቫስ፣ ናቫስ ወደ ግራ ለቶሬስ። ቶሬስ ወደ ውስጥ የላካት በቫን ደር ቫርት እግር ተመልሳ ፋብሪጋስ ፊት ወደቀች፤ እሱ ለኢኒየስታ። 116ኛው ደቂቃ። ጎል!

ቤቱ በአንድ ድምፅ «ኢኒየስታ!» አለ። እኔም ጮኬያለሁ፤ አልዋሽም። ግን ያች ጎል ከየት ተነሣች? ስልካችሁን ብትጠይቁት ያገባው ኢኒየስታ፣ ያቀበለው ፋብሪጋስ ይላችኋል። ያ ሁሉ ሆላንዳዊ እየጎተተው ሜዳውን ያቋረጠው ልጅ የለም። «ይህ ደግሞ ማነው?» ያለኝ ሰውዬ እስከ ዛሬ መልሱን ያገኘ አይመስለኝም።

ሌላም የሚያቃጥለኝ ነገር አለ። ናቫስን የሚያውቅ ሰው ሳገኝ ደግሞ የሚያውቀው ለመሳቂያ ነው። «ያ ከእናቱ ቤት መራቅ የሚፈራው አይደለም እንዴ?» ይለኛል፤ ይስቃል። አዎ፣ ልጅ እያለ ከቤቱ ሲርቅ ብርቱ ጭንቀት ይይዘው ነበር። የዝግጅት ካምፕ አቋርጦ ወደ ቤቱ ተመልሷል፤ የብሔራዊ ቡድን ጥሪም በዚሁ የተነሣ ቀርቶበታል። ሕመም ነበር። ሕክምና ተከታተለ፣ ቀስ በቀስ ተለማመደ፣ በ2009 መጨረሻ ለስፔን ተሰለፈ፤ በዓመቱ ውስጥ ከቤቱ ሌላ አህጉር ሄዶ የዓለም ዋንጫ አነሣ። የሚስቀው ሰውዬ ከሰፈሩ ወጥቶ አድሮ ያውቃል? እኔ ዩኒቨርሲቲ ሲደርሰኝ ከቤት አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቄ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ብርድ ልብስ ተከናንቤ ነው ያለቀስኩት። ያውም ሃምሳ ሺህ ሰው እያየኝ ኳስ አሻማ ያለኝ የለም።

በ2013 ማንቸስተር ሲቲ ገባ። እንግዲህ የቁጥር ሰዎች እዚህ ጋ ነው እጃቸውን የሚያፍተለትሉት፤ በአራት የውድድር ዓመት በፕሪሚየር ሊጉ አራት ጎል። ተቀብያለሁ። አጨራረሱ ደካማ ነበር፤ አንዳንዴ ሲያሻማ የመጀመሪያውን ተከላካይ አያልፍለትም፤ እኔም ቴሌቪዥኑ ላይ ጮኬበታለሁ። ግን ከአራቱ አንዷ ቶተንሃም ላይ ጨዋታው ተጀምሮ 15 ሰከንድ ሳይሞላ የገባች ናት። በ2014 የሊግ ካፕ ፍጻሜ ሰንደርላንድ ላይ መዝጊያዋን ያገባው እሱ ነው፤ በ2016ቱ ፍጻሜ ሊቨርፑል ላይ ፍጹም ቅጣት ምት መትቶ አግብቷል። የሊጉንም ዋንጫ ወስዷል። ውሉ ሲያበቃ ሳይታደስለት ወደ ሴቪያ ተመለሰ። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ስለነበር «አበቃለት» ተባለ።

ሴቪያ ወደ ቀኝ መስመር ተከላካይነት አወረደው፤ እሱም ምንም ሳያጉረመርም ወረደ። ከዚያ በኋላ በ2020 እና በ2023 ሁለት የዩሮፓ ሊግ ዋንጫ ጨመረ። የ2023ቱን ፍጻሜ ታስታውሳላችሁ? ቡዳፔስት ላይ ሮማ 1 ለ 0 እየመራ ነበር። ከቀኝ ኳስ ተሻማ፤ የሮማው ማንቺኒ ሊያወጣ ሲል የራሱ መረብ ውስጥ ከተታት። ሴቪያ አቻ ሆነ፣ በፍጹም ቅጣት ምት አሸነፈ። ያሻማው ማነው? 37 ዓመት የሞላው ሰውዬ። መዝገቡ ላይ ያለው ስም የማን ነው? የማንቺኒ! ኳሷን ያገባባት ሳይሆን የተሳሳተባት ተጽፎ፣ ያሻማት ሳይጻፍ ቀረ። ይህን ሳይ ስልኩን መስበር ነው የሚያምረኝ።

ለሴቪያ 705 ጨዋታ ተጫወተ፤ በክለቡ ታሪክ የሚወዳደረው የለም። የመጨረሻዎቹን ዓመታት ዳሌው እያመመው፣ ከጨዋታ በኋላ መራመድ እየቸገረው ነው የጨረሳቸው። ታኅሣሥ 2024 በርናቤው ላይ ሲሰናበት የሪያል ማድሪድ ተጫዋቾች ተሰልፈው አጨበጨቡለት። እነሱም «ጎል ስንት አለው?» ብለው አልጠየቁም።

ይህን ሁሉ ለሻይ ቤቱ ልጅ አስረዳሁት። እውነቱን ለመናገር ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ አስተናጋጇ ሁለት ጊዜ ዞር ብላ አይታኛለች። በመጨረሻ የ2024ቱን የአገሮች የአውሮፓ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ፣ ስፔን ከፈረንሳይ፣ አመጣሁበት። ካርቫሃል በካርድ ስለታገደ ናቫስ በ38 ዓመቱ በቋሚ አሰላለፍ ገባ፤ ፊት ለፊቱ ምባፔ። ከፊቱ በዚያው ቀኝ መስመር የሚጫወተው ላሚን ያማል ደግሞ ገና 16 ዓመቱ ነው፤ ያማል ሲወለድ ናቫስ ሁለት የዩኤፋ ካፕ አንሥቶ ጨርሷል። መጀመሪያ ምባፔ በእሱ በኩል አሻምቶ ኮሎ ሙዋኒ አገባ፤ የኳስ ማሳያ ቤቱ ሰው ሁሉ «ሽማግሌውን አስወጡት!» አለ። ያማል አቻ አደረገ። ከአራት ደቂቃ በኋላ ናቫስ ከቀኝ አሻማ፣ ሳሊባ በግንባሩ መለሳት፣ ኦልሞ ፊት ወደቀች፣ ኦልሞ አንዱን አታልሎ መታት። 2 ለ 1፤ ስፔን ለፍጻሜ አለፈች።

«ቆይ፣ ልየው» አለኝ ልጁ። ደስ አለኝ፤ ጎሏን ሊያያት መስሎኝ ነበር። ስልኩን ወደ ላይ ወደ ታች ሲያንሸራትት ቆየና ጨዋታውን አገኘው፤ ጮክ ብሎም አነበበልኝ፤ «ናቫስ፤ በ14ኛው ደቂቃ ቢጫ ካርድ፣ በ58ኛው ተቀይሮ ወጣ። ሌላ ምንም የለውም።»

ሻዬ ቀዝቅዞ ነበር። ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ።