ቦክስ ፋይል ሺህ ዓመት ይንገስ

ባለፈው ማክሰኞ የግቢዬ በር ማጠፊያ ተገነጠለ። በሩ በአንድ ጎኑ ተንጠልጥሎ የሰፈሩን ውሻ ሁሉ «ግባ» እያለ ይጋብዛል። እኔ ደግሞ ሞኝነት አያልቅብኝም። ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ ከቤቴ አስር ደቂቃ በእግር የሚያስኬድ የመንግሥት ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ትዝ አለኝ። (ስሙን አልጠራም። እናንተም አትገምቱ፤ በሰፈራችሁ አንድ አይጠፋም።) ለውስጥ ገቢ ብለው የውጭ ሥራ እንደሚቀበሉ ሰምቻለሁ። መግቢያው ላይ የተለጠፈው የዜጎች ቻርተርም «የብየዳ አገልግሎት፦ በ30 ደቂቃ» ይላል። በጊዜ፣ በመጠን፣ በጥራት። ማጠፊያዬን በፌስታል ይዤ ገባሁ።

ወርክሾፑ ውስጥ ሃያ የሚሆኑ ሰልጣኞች ነበሩ። ቱታቸው ንጹሕ ነው። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ? ለኢንስፔክሽን ያልሆነ ቱታም እንደዚያው ነው መሰለኝ። የሚበይድ ግን አንድም የለም። ግማሾቹ ቦክስ ፋይል ላይ ስም ይለጥፋሉ። ግማሾቹ ወለሉ ላይ ቢጫ መስመር ይቀባሉ። አሰልጣኙ ጎረቤቴ ነው፤ መቀስ በእጁ፣ ኮላ በጣቱ።

«ዛሬ ብየዳ የለም። ሐሙስ ይመጣሉ» አለኝ።

ማን እንደሚመጣ አልጠየቅኩትም። እናንተም አልጠየቃችሁም።

ስለዚህ ዛሬ ነቀፋ የለም፤ ዛሬ ምስጋና ነው። አገራችን በመጨረሻ አንድ ሙያ አንጀት በሚያርስ ብቃት ማሰልጠን ችላለች፤ ሰነድ ማደራጀት። ከደረጃ 1 ጀምሮ በተዘረጋው የሙያ ዝርዝር ውስጥ እስካሁን አለመግባቱ ግፍ ነው። ምዘና ይዘጋጅለት። ሲኦሲውን (የብቃት ምዘናውን) ሃያዎቹም በአንድ ጠዋት ድብን አድርገው ያልፉታል።

መደርደሪያው ላይ 43 ቦክስ ፋይል ቆጠርኩ። ዕቅድ። የዕቅድ ክለሳ። የክለሳው ቃለ ጉባኤ። ግብረ መልስ። ለግብረ መልሱ የተሰጠ ምላሽ። ታችኛው መደርደሪያ ላይ የቀድሞ ነገሥታት አርፈዋል፤ ቢፒአር፣ ቢኤስሲ የተባሉት የመንግሥት አሠራር ማሻሻያዎች። የሚከፍታቸው የለም፣ ለመጣልም የሚደፍር የለም። የጃፓኑ የአሠራር ማሻሻያ፣ ካይዘን ግን አሁንም በዙፋኑ ላይ ነው። አምስቱ «ማ»ዎች ግድግዳው ላይ በትልቁ ተጽፈዋል፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ስድስተኛው ማሰልጠን ነበር፤ ግድግዳው አልበቃውም።

ከግድግዳው አጠገብ የመሣሪያ ሰሌዳ አለ። የመዶሻው፣ የካቻቢቴው፣ የፒንሳው ቅርጽ በጥቁር ቀለም ተስሏል፤ በየሥሩ ስሙ ተጽፏል። መዶሻው ራሱ የለም። ይጠፋል ተብሎ ስቶር ተቆልፎበታል። ሰልጣኙ መዶሻ ምን እንደሚመስል ግን በደንብ ያውቃል።

ፋይሉ ለምን በዛ ደግሞ አትበሉኝ። ዘርፉ ትምህርት ሚኒስቴር ስር ነበር። በ2011 ወደ ሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ሄደ፣ በ2014 ወደ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር። በሄደ ቁጥር የደብዳቤው ራስጌ ይቀየራል፣ ሰሌዳው ይቀባል፣ ቅጹ እንደ አዲስ ይታተማል። ያልተቀየረው ሞርሳው ብቻ ነው። ጥርሱ ከማለቁ የተነሳ ብረት አይነክስም፤ ይስማል።

አሁን ወደምወደው ታሪክ። አሰልጣኙ ነው የነገረኝ፤ ሲነግረኝ አልሳቀም።

አምና ጥቅምት ላይ 5 ኪሎ ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) ጠየቀ፤ ባለ 2.5 ሚሊ። ያለ ኤሌክትሮድ ብየዳ ማስተማር ያለ ሽሮ ሽሮ ወጥ መሥራት ነው። ሞዴል 20 የተባለውን የዕቃ መጠየቂያ ቅጽ ሞላ። ስቶር «የለም» አለ። «የለም» መባሉ በደብዳቤ ይገለጽ ተባለ፤ ተገለጸ። ደብዳቤው ወደ ግዢ ተመራ። ግዢ ዝርዝር መግለጫ ጠየቀ። ርዝመት ሞላ፣ ውፍረት ሞላ። «ቀለም» የሚል ሳጥንም አለ፤ ባዶ መተው ስለማይቻል «እንደ ኤሌክትሮድ» ብሎ ጻፈበት። ሦስት ፕሮፎርማ ተሰበሰበ። የአንዱ ማህተም ፊርማውን አልነካም ተብሎ ተመለሰ። ማህተሙ ፊርማውን እስኪነካ ድረስ የሁለቱ ዋጋ ጊዜው አለፈበት። (የፕሮፎርማ ዕድሜ ከወተት ትንሽ ቢረዝም ነው።) እንደገና ሦስት። አሁን የኮሚቴው ሰብሳቢ የሉም፤ አዳማ ስልጠና ላይ ናቸው። ርዕሱ ቀልጣፋ የግዢ ሥርዓት ነው። እሳቸው ሲመለሱ የኮሚቴው ጸሐፊ ተራው ደርሶ ሄደ። መጋቢት ላይ ኮሚቴው ተሟልቶ ተቀመጠ። ኤሌክትሮድ አራተኛ አጀንዳ ነበር። ሁለተኛው ላይ ምሳ ሰዓት ደረሰ። ሚያዝያ ላይ ጸደቀ። ፋይናንስ ደግሞ «ቋሚ ዕቃ ነው አላቂ?» ብሎ መለሰው። ሁለት ሳምንት ከተመከረበት በኋላ አላቂ ነው ተባለ። እውነት ነው። አሰልጣኙ ራሱ አልቋል።

ከዚያ ሰኔ መጣ።

ሰኔ ወር አይደለም፤ ሰኔ ሌላ አገር ነው። በጀቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ያልተነካ ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል። ገንዘብ የመለሰ ደግሞ በዓመቱ «ድሮም አያስፈልጋችሁም» ይባላል። ስለዚህ ስምንት ወር ሙሉ 5 ኪሎ አላሳልፍ ያለው በር፣ በሰኔ መጨረሻ በአንድ ቀን 60 ካርቶን አሳለፈ። ያውም ባለ 4 ሚሊ። ልጆቹ የሚለማመዱት በስስ ላሜራና በቱቦላሬ ነው። ስስ ላሜራን በ4 ሚሊ ስትነካው አይበየድም፤ ይበሳል። ቢሆንም ሞዴል 19 የተባለው የንብረት ገቢ ደረሰኝ ተቆረጠለትና ስቶር ገባ። የስቶሩ ጣሪያ ያፈሳል። ክረምት ነው። እርጥበት የጠጣ ኤሌክትሮድ ደግሞ ሽፋኑ ይረግፋል፤ ቢለኩስም ይተፋል እንጂ አይዝም። በዚያ ላይ ሰልጣኞቹ ተበትነዋል።

አላለቀም። ዘንድሮ ጥቅምት አሰልጣኙ እንደገና 5 ኪሎ ባለ 2.5 ጠየቀ። ምላሹ በዚያው ሳምንት መጣ፤ እንዲህ የፈጠነ ደብዳቤ በዕድሜው አላየም። «በስቶር 60 ካርቶን እያለ ተጨማሪ መጠየቅ የመንግሥትን ሀብት ማባከን መሆኑን እንገልጻለን።» ሐሙስ የሚመጣው ቼክሊስት ላይም «የስልጠና ግብዓት ተሟልቷል?» የሚል ጥያቄ አለ። ተሟልቷል። ካርቶኑ ቆሟል፣ ፎቶ ተነስቷል፣ በአባሪ ተያይዟል።

ስም ከሚለጥፉት አንዷን «ስንት ጊዜ በይደሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«ሁለቴ ጋሼ። አንዱ ለፎቶ ነው፤ ማሽኑ አልተሰካም ነበር።»

ልጅቷ የምትመጣው ከኮዬ ፈጬ ነው። ከቤት የምትወጣው ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞላ፣ ሁለት ታክሲ ይዛ ነው። እናቷ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች። በሚቀጥለው ወር ምዘና ትቀመጣለች። መዛኙ የብየዳውን ፒንሳ ይሰጣታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ወረቀቷ ላይ «ብቁ አይደለችም» ተብሎ ይጻፋል። እሷ ናት ብቁ ያልሆነችው? ኧረ እግዜርን ፍሩ! ለሪፖርታችሁ ቆንጆ ፎቶ ፈልጋችሁ የሰው ልጅ ሁለት ዓመት በላችሁ። 5 ኪሎ ኤሌክትሮድ ነበር እኮ የተጠየቃችሁት። የሁለት ሰው የአዳማ ውሎ አበል ይገዛው ነበር።

ይቅርታ። ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

የግል ኮሌጆቹንም አልረሳኋቸውም። እነሱ በጀት የላቸውም፤ የሚያስጨንቃቸው የዕውቅና ፈቃድ እድሳት ነው። ከፋርማሲ በላይ ሁለተኛ ፎቅ ተከራይተው፣ በእድሳት ሰሞን ቤተ መጻሕፍታቸውን በሚኒባስ ያስመጣሉ። መጽሐፎቹ ከቃሊቲ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ካራ ይመላለሳሉ። ከሰልጣኞቹ የበለጠ ከተማውን ያወቁት እነሱ ናቸው።

የትብብር ስልጠናውንም ሳላመሰግን አላልፍም። 70 በመቶው ኢንዱስትሪ ውስጥ፣ 30 በመቶው ኮሌጅ ውስጥ ይሰጣል ነው የሚባለው። እኛ ሰፈር ኢንዱስትሪ ማለት አስፋልቱ ዳር በቆርቆሮ ጥላ ሥር የሚበይደው ልጅ ነው። ጎበዝ ነው። ማጠፊያዬን ለሱ ልሰጠው ነበር፤ ሳልፍ ዘግቷል። የት እንደሄደ ያወቅኩት ኮሌጁ አዳራሽ ውስጥ ሳየው ነው። ሚሪንዳ ይዞ፣ ከፊቱ የሎግ ቡክ (የልምምድ መዝገብ) ክምር ተቆልሎ ተቀምጧል። «ባለድርሻ አካል» ተደርጓል። ከኮሌጁ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ሲፈራረም ማህተም አምጣ አሉት። «እኔ በያጅ ነኝ፣ ማህተም ምን ያደርግልኛል?» ቢልም አልቀረለትም። የት እንዳስቀረጸው አልነገረኝም፤ ግን አስቀርጿል። ክብ ነው። አይቷቸው የማያውቃቸውን ልጆች የሙሉ ዓመት ልምምድ በአንድ ከሰዓት ያጸድቃል። ቅዳሜ የሠራ፣ እሑድ የሠራ፣ ጥምቀት ዕለት ሳይቀር የሠራ ሰልጣኝ አለ።

«ማጠፊያዬን ዛሬ ታይልኛለህ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ሥራ በዝቶብኛል» አለኝ። ማህተሙን ወደ ቀለሙ መለሰ።

ሐሙስ የሚመጡት ሰዎችም ክፉ አይደሉም። ለወርክሾፑ 20 ደቂቃ፣ ለፋይሉ አራት ሰዓት ይሰጣሉ አሉ። ምን ያድርጉ? ማሽን ሪፖርት አያቀርብም።

ስወጣ ጥበቃው የባለጉዳይ መዝገቡን ገፋ አደረጉልኝ። ሽማግሌ ናቸው፤ ጋቢያቸውን ደርበዋል። ስም፣ የመጡበት ጉዳይ፣ የገቡበት ሰዓት፣ እያልኩ ሞላሁ። የመጨረሻው ዓምድ «ጉዳይዎ ተፈጽሟል?» ይላል። ፌስታሌን አየሁት። እስክሪብቶውን ይዤ ቆምኩ።

«አዎ በልበት ልጄ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሐሙስ ያዩታል።»

አዎ አልኩበት። ፈረምኩ። በሬን በሽቦ አስሬዋለሁ።