ዘመድ እያለ ሆቴል

ኦርላንዶ ውስጥ ዘመድ ያለው ሐበሻ ኦርላንዶ ውስጥ ሆቴል አይዝም። ይህን ሕግ ያወጣው የፍሎሪዳ ምክር ቤት ሳይሆን እኛው ነን፤ ቅጣቱም በገንዘብ ሳይሆን በኩርፊያ ነው፣ ይግባኝ የለውም። የባለቤቴ የአክስት ልጅ ዲዝኒ ወርልድ ከሚባለው ትልቅ መዝናኛ ፓርክ በመኪና አርባ ደቂቃ ርቃ ትኖራለች። ሁለት መኝታ ክፍል፣ አንድ ባል፣ ሦስት ልጆችና አንድ ድመት አላት። እኛ ስድስት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆቻችንና ከደብረ ብርሃን ለጥየቃ የመጡት አማቴ። እሷ ቤት ብናርፍ አልጋዋን ለእኛ ትለቃለች፣ ባሏን ሶፋ ላይ ታስተኛለች፣ ራሷ ወጥ ቤት ቆማ ታድራለች። እኛም ሦስት ቀን ሙሉ «በቃን»፣ «በሞቴ» ስንባባል ሰንብተን ፓርኩን ሳናይ ወደ ሜሪላንድ እንመለሳለን። ስለዚህ በ2016 ዓ.ም. ሁዳዴ፣ የልጆቹ የትምህርት ቤት እረፍት ሲደርስ፣ እኔና ባለቤቴ በምስጢር ሆቴል ለመያዝ ተማማልን።

እስከዚያ ቀን ድረስ ሆቴል ማለት አልጋ፣ በርና ቁልፍ ይመስለኝ ነበር። ልጆች ካሉበት ግን ሆቴል መምረጥ አማች እንደ መምረጥ ነው፤ ሁሉም ያገባኛል ይላል።

መጀመሪያ የተጣላሁት «ለፓርኩ ቅርብ» ከሚለው ቃል ጋር ነው። በዚያ አካባቢ ለፓርኩ ቅርብ ያልሆነ ሆቴል የለም። ነገሩ ሲጣራ የዲዝኒ ይዞታ ወደ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ አዲስ አበባን አምስት ቦታ ብትቆርሷት አንዱን ቁራሽ ያህል መሆኑ ነው። ውስጡ አራት ትልልቅ ፓርኮች አሉ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው በአብዛኛው የሚኬደው በአውቶቡስ ወይም በመኪና ነው። ስለዚህ ከይዞታው ዳርቻ ሁለት ማይል የራቀ ሆቴል «ቅርብ ነኝ» ቢል አልዋሸም። ዳርቻው ከበሩ ምን ያህል እንደሚርቅ የጠየቀው የለማ! የእኛ ደላላ «ቦሌ ነው» ብሎ ቦሌ አራብሳ ሲያወርደን አልዋሸም እኮ። እ.ኤ.አ. በ1971 የተከፈተው የመጀመሪያው ፓርክ፣ ማጂክ ኪንግደም፣ ደግሞ የባሰ ነው፤ መኪናህን አቁመህ እንኳ ገና አልደረስክም። ከፊትህ ሐይቅ አለ፤ ሐይቁን በመርከብ ትሻገራለህ ወይም በአንድ ሐዲድ በሚሄድ ባቡር ትዞረዋለህ። በኋላ እዚያ ስንደርስ አማቴ መርከቡ ላይ ተቀምጠው ከሩቅ የሚታየውን ግንብ አዩና አማተቡ። «ጣና ላይ እንኳ ሴት የማይገባበት ገዳም አለ፤ እዚህስ ያስገቡናል?» አሉ።

ወደ ምርጫው ልመለስ። ትልቁ ልጄ የሚፈልገው ከፎቅ ላይ እየተንሸራተቱ የሚገቡበት መዋኛ ያለው ሆቴል ነው። ትንሿ ደግሞ ተደራራቢ አልጋ ከሌለ አልሄድም አለች፤ ላይኛው የእሷ፣ ታችኛው የአያቷ። መካከለኛዋ ከሁሉም በላይ አሰበች። ዲዝኒ ራሱ የሠራው አንድ ሆቴል አለ፤ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለህ ቡና ስትጠጣ ከፊትህ ባለው ሜዳ ቀጭኔና የሜዳ አህያ ሣር ይግጣሉ። ጌጡ የአፍሪካ ነው፣ ሰላምታው «ጃምቦ» ነው፣ ሜዳው የሚታይበት ክፍል ዋጋ ግን የአሜሪካ ነው። ለአንድ ሌሊት የተጠየቀውን ለአማቴ በብር መንዝሬ ስነግራቸው ብዙ ዝም አሉ። «እኔ ስልሳ ዓመት ሙሉ ጅብ ደጄ ላይ እየጮኸ ስተኛ ለማንም የከፈልኩት ነገር የለም» አሉና ጉዳዩ ተዘጋ።

ባለቤቴ ቀድመውን ያረፉ ሰዎች የጻፉትን አስተያየት ታነባለች። መቶ ሰው «ግሩም ነው» ቢል አታምንም፤ አንዱ «ፎጣው ስስ ነው» ካለ ግን ያን ሆቴል የተስቦ በሽታ እንደ ገባበት መንደር ትሸሸዋለች። በሁለት ሳምንት ውስጥ አርባ ሆቴል ጣለች። ፎቶዎቹን ያመንኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። በፎቶ ላንጋኖን የሚያህል መዋኛ ታያለህ፤ ዳር ላይ የተቀመጠችውን ወንበር ከውኃው ጋር ስታነጻጽር ግን ወይ ወንበሯ የግዙፍ ሰው ናት፣ ወይ ገንዳው የልብስ ማጠቢያ ነው።

የእኔ ድርሻ ዋጋው ነበር። አንድ ክፍል 89 ዶላር ብሎ ጠራኝ። ደስ ብሎኝ ገባሁ። ሁለት ገጽ እንዳለፍኩ «የሪዞርት ክፍያ» የሚባል 32 ዶላር ተቀበለኝ፤ ለገመድ አልባ ኢንተርኔቱ፣ ለመዋኛው ፎጣና እግሬን ለማላነሳበት የስፖርት ክፍል መሆኑ ነው። ሠርግ ተጠርተህ ከገባህ በኋላ የወንበር ሒሳብ ማለት ይኸው ነው። ቀጥሎ 13.5 በመቶ ግብር መጣ፤ የዲዝኒ ጎረቤት የሆነችው የኪሲሚ ከተማ ያለችበት የኦሲዮላ አውራጃ ከሽያጭ ግብሩ በላይ ከእንግዳ የሚሰበስበው የቱሪስት ግብር አለው። የመኪና ማቆሚያውን ስጨምር 89ኙ 150ን አለፈ። እ.ኤ.አ. ከሜይ 2025 ወዲህ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ ግዴታ የሆነ ክፍያ ከመጀመሪያው ዋጋ ጋር ተደምሮ እንዲታይ ያስገድዳል። እኛ አንድ ዓመት ቀድመን ነበር የሄድነው። ድሮስ ለእኛ መቼ ይደርስና!

የፓርኩ ቲኬት ደግሞ በዕድሜ ነው። ከሦስት ዓመት በታች በነጻ ይገባል፤ ከሦስት እስከ ዘጠኝ የልጅ ዋጋ ይከፍላል፤ አሥር የሞላው አዋቂ ነው። ትልቁ ልጄ አሥር የሞላው በየካቲት ነበር። ጫማውን ማሰር የማይችል አዋቂ! አማቴ ሐዘኔን አይተው፣ «የእኛ ዘመን ከእነሱ ስምንት ዓመት ወደኋላ አይደለም እንዴ? በእኛ ሁለት ዓመቱ ነው በላቸው» አሉኝ። በጾም መዋሸት አይሆንም እንዴ ብዬ ብጠይቃቸው ተቆጡ። «ምን ውሸት አለው? አቆጣጠር ነው!»

«ቁርስ በነጻ» የሚለውም ብዙ ቀን አታልሎኛል። ሒሳብ ሠራሁ፤ ስድስት ሰው፣ ሦስት ጥዋት፣ አሥራ ስምንት ነጻ ቁርስ። ከዚያ ባለቤቴ ሁዳዴ መሆኑን አስታወሰችኝ። ነጻው ቁርስ እንቁላል፣ ወተት፣ እርጎና የአሳማ ሥጋ ነው፤ የሚቀርበው እስከ አራት ሰዓት ነው፤ አማቴ እህል የሚቀምሱት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። ሰፍ ብዬ የደመርኩት ቁርስ ለእኔና ለልጆቹ ሆነ። እኔም ብሆን በአማቴ ፊት የአሳማ ሥጋ ላነሳ ነው?

አማቴ ራሳቸው በሁለት ወር ውይይት ውስጥ የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። «መስኮቱ ይከፈታል?»

ሳቅንባቸው። ወደ ስልኬ ተመልሼ ሳይ ግን አይከፈትም። ያየኋቸው ትልልቅ ሆቴሎች ሁሉ መስኮታቸው ታሽጓል፤ ጣሪያቸው ላይ ደግሞ ጢስ ሲሸተው የሚጮህ መሣሪያ አለ፤ ክፍል ውስጥ ያጨሰ 250 ዶላር ይቀጣል። አማቴ ቡናቸውን ቆልተው፣ ጢሱን በእጃቸው ወደየአፍንጫችን ሳያደርሱ የጠጡበት ቀን የለም። ቅጣቱን በሦስት ቀን አባዛሁትና ላቤ መጣ። ተቆልቶ የተፈጨ ቡና እንያዝ ብላቸው «ያ መድኃኒት እንጂ ቡና ነው?» አሉኝ።

እንዲህ ሆኖ ተንሸራታቹም፣ ቀጭኔውም፣ ፎጣውም ቀረና የሆቴሉን ምርጫ ቡናው ወሰነ። በ192 ቁጥር መንገድ ዳር፣ በሩ ወደ ውጭ፣ ወደ ረጅም በረንዳ የሚከፈት ባለ ሁለት ፎቅ አሮጌ ሆቴል አገኘሁ። ተደራራቢ አልጋ ያለው፣ ለስድስት ሰው የሚሆን ክፍል ነበረው። «አንድ ክፍል ብቻ ቀርቷል! አሥራ አንድ ሰዎች እየተመለከቱት ነው!» ይል ነበር በቀይ። መርካቶ ያደገ ሰው «የመጨረሻዋ ናት» ሲሉት እንዴት እንደሚስቅ አውቃለሁ፤ ሆኖም እጄ እየተንቀጠቀጠ ከፈልኩ። ስንደርስ ከሃምሳው ክፍል አርባው ባዶ ነበር።

ስለ ፓርኩ ብዙ የምለው የለኝም። ወረፋ ነው። ከቀበሌ የሚለየው ሙዚቃ ስላለው ነው። ሆቴሉ በነጻ የሚያመላልሰን አውቶቡስም ሌሎች አምስት ሆቴሎችን እየዞረ ስለሚለቅም፣ አሥራ አምስት ደቂቃ የተባለው መንገድ አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጅቷል።

በሁለተኛው ቀን ማታ፣ አማቴ በረንዳው ላይ ረከቦታቸውን ዘርግተው፣ በትንሿ የኤሌክትሪክ ምድጃ ቡና ሲቆሉ ስልካቸው ጮኸ። የኦርላንዶዋ ዘመዳችን ናት።

«አክስቴ፣ እንዴት ሰነበቱ? የሜሪላንድ ብርድ እንዴት ይዞዎታል?»

«ኧረ እዚህስ ሙቀት ነው፣ ልጄ።»

«እዚህ የት?»

ባለቤቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እኔ በምልክት ለመንኳቸው። አማቴ እኔን አዩ፣ ሰማዩን አዩ። «በሁዳዴስ አልዋሽም፤ እናንተ ሰፈር ነን» አሉ።

በሃምሳ ደቂቃ ውስጥ ደረሰች። ባሏ የሌሊት ሥራ ላይ ስለነበር ሦስቱን ልጆቿን፣ ሽሮውን ከነድስቱ፣ ጎመኑን፣ ሱፍ ፍትፍቱንና በፎጣ የተጠቀለለ ሃያ እንጀራ ይዛ። አክስቷን ጉልበት ሳመች፤ እኔን ዘላኝ ሄደች። ክፍሉን እንደ ጤና ተቆጣጣሪ ዞራ አየች፤ አንሶላውን ገለጠች፣ ፎጣውን በሁለት ጣቷ አነሳች። «ስስ ነው» አለች፤ ባለቤቴ አቀረቀረች። «ዘመድ እያለ ሆቴል! እኔ ሞቻለሁ እንዴ? ለሰውስ ምን ልበል?»

መልስ ሳንሰጥ ልጆቿ ገንዳውን አዩት። ያ የልብስ ማጠቢያ የሚያህል ገንዳ፣ ከእኛዎቹ ጋር ስድስት ሆነው ገብተውበት ውኃው ግማሹ ውጭ ፈሰሰ። እዚያ አገር አሥራ አንድ ዓመት ስትኖር ፓርኩን አንድ ቀን እንኳ አለማየቷን የሰማነው ያን ጊዜ ነው። «ቅርብ ነው፣ አንድ ቀን እንሄዳለን ስንል» አለች። አቦል ላይ አኮረፈች፣ ቶና ላይ አለቀሰች፣ በረካ ላይ ሳቀች። ልጆቹ በየወደቁበት እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ማንም ሊቀሰቅሳቸው አልደፈረም፤ እሷም ተደራራቢው አልጋ ላይ ከአክስቷ እግር ሥር ተኛች። ሲነጋ ቆጠርኩ፤ ለስድስት በተከራየነው ክፍል አሥር ነን።

ያ ነጻ ቁርስም ያን ጥዋት ዋጋውን አወጣ። ስድስት ልጆች እንቁላሉን ጨርሰው ወደ ወተቱ ሲዞሩ የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ከመደርደሪያዋ ጀርባ ሆና ታየን ነበር። ቁልፉን ለመመለስ ስንሰለፍ ኮምፒውተሯን አየች፣ እኛን አየች፣ እንደገና ኮምፒውተሯን አየች።

«ይቅርታ» አለች በትሕትና፣ «ክፍሉ ውስጥ ስንት ሰዎች ነበራችሁ?»

እኔ ጫማዬን አየሁ። ባለቤቴ ቦርሳዋ ውስጥ የሌለ ነገር መፈለግ ጀመረች። አሥር የሞላው አዋቂ ልጄ ዞር ብሎ ጥያቄውን ለአያቱ ተረጎመላቸው።

አማቴ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«በማን አቆጣጠር?» አሉ።