«በዓይኔ በብረቱ አየሁት»

ምስክሩ ጣቱን ቀስሮ «እሱ ነው፤ በዓይኔ በብረቱ አየሁት» ሲል ችሎቱ ጸጥ ይላል። ተከሳሹ ከዚያ በኋላ ምን ብሎ ይከራከር?

ይግባኝ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ ደግሞ ይህ ነው፦ ምስክሩን በአካል ያየው ጉዳዩን መጀመሪያ የመረመረው የሥር ፍርድ ቤት ስለሆነ በምዘናው ጣልቃ አንገባም። በዚህ አልስማማም። የምስክሩ ሁኔታ ቢበዛ የሚጠቁመን ይዋሽ እንደሆነ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ከልቡ እየተናገረ የተሳሳተው ምስክር ነው። እሱ አይንተባተብም። ያመነውን ስለሚናገር መስቀለኛ ጥያቄም አያናውጠውም።

ኪርክ ብለድስወርዝ በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት የ9 ዓመት ልጅ ገድለሃል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1985 ሞት ተፈረደበት። 5 ሰዎች ከልጅቷ ጋር ወይም እዚያው አካባቢ አይተነዋል ብለው መሰከሩ። ለፖሊስ መጀመሪያ የተነገረው ግን ስለ ረጅም፣ ቀጭን፣ ባለ ቢጫ ፀጉር ሰው ነበር። ብለድስወርዝ ወፈር ያለ ነው፤ ፀጉሩም ቀይ። ከምስክሮቹ መካከል፣ ሰዎች ተደርድረው እንዲለዩት ከመጠየቃቸው በፊት በቴሌቪዥን ያዩት ነበሩ። ፍርዱ በይግባኝ ተሽሮ ጉዳዩ እንደገና ቢታይም ዳግመኛ ጥፋተኛ ተባለ። በ1993 ነጻ ያወጣው የዲኤንኤ ምርመራ ነው።

ቁመናው፣ ፀጉሩ፣ ቴሌቪዥኑ። እነዚህን ለመመዘን የምስክሩን ፊት ማየት አያስፈልግም። መዝገብ ይበቃል፤ መዝገቡ ደግሞ ይግባኝ ሰሚው እጅ ላይ ነው።

የእንግሊዝ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ1976 ተርንቡል በተባለ ተከሳሽ ጉዳይ ዳኞች ሊጠይቁት የሚገባውን አስቀምጧል። ለምን ያህል ጊዜ አየው? ከምን ያህል ርቀት? ብርሃኑስ? የከለለው ነገር ነበር? ከዚህ በፊት ያውቀዋል? መጀመሪያ የሰጠው መግለጫ ከተከሳሹ ጋር ይገጥማል?

እኔ የመጨረሻው ጥያቄ ላይ እቆማለሁ፤ ትዝታ ከመጀመሪያው መግለጫ በኋላ ሊለወጥ ይችላልና። ምስክሩ ከቀረቡለት ፎቶዎች አንዱን ሲመርጥ «ጎሽ፣ አገኘኸው» የሚለው ሰው ካለ፣ «ይመስለኛል» ያለው ችሎት ሲደርስ «እርግጠኛ ነኝ» ይሆናል። ሰውየው አልዋሸም። ትዝታው ነው የተለወጠው።

የዓይን ምስክር ይጣል እያልኩ አይደለም። ለዓመታት የሚያውቀውን ጎረቤቱን በጠራራ ፀሐይ ያየ ሰው ቃሉ ከባድ ነው። ነገር ግን ማስረጃው ምስክሩ የማያውቀውን ሰው በጨለማ ለአፍታ ማየቱ ብቻ ከሆነ፣ ይግባኝ ሰሚው ዳኛ ቀድሞ መግለጥ ያለበት የሥር ፍርድ ቤቱን ፍርድ ሳይሆን ምስክሩ በዚያው ሌሊት ለፖሊስ የሰጠውን ቃል ነው።