ዱላውን ያዙ፣ ክንዱን ልቀቁ

የካቲት ሲጋመስ የአሜሪካ ቤዝቦል ክለቦች ለልምምድ ወደ ፍሎሪዳና ወደ አሪዞና ይወርዳሉ። እኛ የፋንታሲ ተጫዋቾች (እውነተኛ ተጫዋቾችን ለምናባዊ ቡድናችን መርጠን፣ እነሱ በሜዳ በሚያስመዘግቡት ቁጥር የምንፎካከር) ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የሚከተለንን ውሳኔ የምንወስነው ያን ጊዜ ነው። በእኔ ሊግ አሥራ ሁለት ሰዎች ነን። እያንዳንዳችን ካለፈው ዓመት ቡድናችን አምስት ተጫዋቾችን ብቻ እናቆያለን፤ የቀሩት ተለቀው ወደ ምርጫው ይመለሳሉ። ማንን እናቆይ ሲባል ከጓደኞቼ የምሰማው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ስሙ የገነነውን»። እኔ በዚህ አልስማማም። መታየት ያለበት ተጫዋቹ የሚያስከፍለው ዋጋ ነው። ከዋጋውም በፊት መጠየቅ ያለበት ነገር አለ፤ ይህ ሰው እንጀራውን የሚበላው በዱላው ነው ወይስ በክንዱ? መቺዎችን፣ ማለትም ኳሱን በዱላ የሚመቱትን አቆዩ፤ ኳሱን ለመቺው የሚወረውሩትን ወርዋሪዎችን በየዓመቱ አዲስ ምረጡ።

አገር ቤት ብዙ ወጣቶች የሚጫወቱትን የፕሪሚየር ሊግ ፋንታሲ የሚያውቅ ሰው አንድ ልዩነት ልብ ይበል። እዚያ ሃላንድን ሚሊዮኖች በአንድ ሳምንት ሊይዙት ይችላሉ። በቤዝቦሉ ግን በአንድ ሊግ ውስጥ አንድ ተጫዋች የአንድ ሰው ብቻ ነው፤ እኔ ከያዝኩት አንተ አታገኘውም። ጨዋታውን በ1980 (ዓመቶቹን የምጠቅሰው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ዳንኤል ኦክሬንትና ጓደኞቹ ሲጀምሩት ተጫዋቾችን የሚከፋፈሉት በጨረታ ነበር። ስሙንም ሮቲሰሪ ያሉት ይገናኙበት በነበረው የኒው ዮርክ ምግብ ቤት ነው። እኛ በጨረታ ፋንታ ተራ እናወጣለን፤ እንደ ዕቁብ ዕጣ ማለት ነው። ሁለተኛው ዙር ላይ ግን ተራው ይገለበጥና የመጨረሻው ሰው ቀዳሚ ይሆናል።

የምናቆየው ተጫዋች ነጻ አይደለም። ባለፈው ዓመት በአሥራ አራተኛው ዙር የመረጥነውን ካቆየን የዘንድሮውን አሥራ አራተኛ ምርጫችንን እናጣለን፤ በመጀመሪያው ዙር የመረጥነውን ካቆየን ደግሞ የመጀመሪያውን። ሰዎች በስም የሚታለሉት እዚህ ላይ ነው። የአንደኛ ዙር ኮከብን በአንደኛ ዙር ዋጋ ማቆየት ብዙ ጊዜ ትርፍ የለውም። ትርፉ ያለው ካል ራሊን በመሰለ ተጫዋች ነው። የሲያትሉ ተቀባይ (ከመቺው ጀርባ ሆኖ ኳሱን የሚቀበለው) በ2024 34 ሆም ራን፣ ማለትም ኳሱን ከሜዳ የሚያስወጣ ምት፣ መትቶ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ በ2025 መጀመሪያ በፊተኞቹ አራትና አምስት ዙሮች ስሙን የሚያነሳ ጥቂት ነበር። በዚያ ዓመት 60 መታ። አንድም ተቀባይ ከዚያ በፊት ያን ያህል መትቶ አያውቅም። በ2025 ምርጫ ዕለት ዘግይቶ የመረጠው ሰው አሁን በእጁ የያዘው ሀብት ከማንኛውም ገናና ስም ይበልጣል።

ወደ ክንዱ ልመለስ፤ ክርክሬ ያለው እዚያ ነው።

ስፔንሰር ስትራይደር በ2023 ለአትላንታ 281 መቺዎችን በስትራይክአውት (መቺው ሦስት ስትራይክ ተቆጥሮበት ሲወጣ) አሰናብቶ 20 ጨዋታ አሸነፈ። በቀጣዩ የጸደይ ወራት በየሊጉ ከወርዋሪዎች ሁሉ ቀዳሚ ሆኖ ተመረጠ፤ ያቆዩትም ደስ ብሏቸው አቆዩት። ሁለት ጨዋታ ወርውሮ ለክርን ቀዶ ሕክምና ገባ፤ ዓመቱም እዚያው አለቀ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ሌላው ወርዋሪ ሼን ቢበር 12 ኢኒንግ (አንድ ጨዋታ ዘጠኝ ኢኒንግ አለው) ወርውሮ አንድም ነጥብ ሳይቆጠርበት እሱም ወደ ሐኪም ሄደ። ጌሪት ኮል በ2023 ለዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ የሚሰጠውን የሳይ ያንግን ሽልማት ወሰደ፤ በ2025 ግን አንድም የውድድር ኳስ አልወረወረም። ጄኮብ ዲግሮምን ቴክሳስ በ185 ሚሊዮን ዶላር ለአምስት ዓመት አስፈረመችው፤ በመጀመሪያው ዓመት የተሰለፈው ስድስት ጊዜ ብቻ ነው። እነዚህ ደካሞች አይደሉም። በሙያው ጫፍ የደረሱ ሰዎች ናቸው፤ ችግሩም ይኸው ነው። ኳሱ በፈጠነና በተጠማዘዘ ቁጥር የክርኑ ጅማት የሚሸከመው ይከብዳል። ዋናው የአሜሪካ ቤዝቦል ሊግ፣ ሜጀር ሊግ፣ ራሱ በ2024 መጨረሻ ባወጣው ጥናት ፍጥነትን ማሳደዱን ከዋና ምክንያቶቹ መካከል አስቀምጦታል። ዶክተር ፍራንክ ጆብ በ1974 የወርዋሪውን የቶሚ ጆንን ጅማት በሌላ ጅማት ከተካ ወዲህ ክንድ ሊጠገን ይችላል፤ ጥገናው ግን ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጃል። በፋንታሲ አንድ ዓመት ማለት ሁሉም ነገር ማለት ነው።

ከዚህ በላይ ማስረጃ ለሚፈልግ ሾሄ ኦታኒን ልጥራ። ይህ ሰው ሁለቱንም ነው፤ ወርዋሪም መቺም። በ2023 ክርኑ ተጎድቶ ቀዶ ሕክምና ስለተደረገለት በ2024 አንድም ቀን አልወረወረም። በዚያው ዓመት ግን ለዶጀርስ 54 ሆም ራን መትቶ 59 ቤዝ ሰረቀ (ኳሱ ሳይመታ ሮጦ ወደሚቀጥለው ማረፊያ ደረሰ)፤ ሃምሳና ሃምሳን አንድ ላይ ያለፈ ተጫዋች ከእሱ በፊት አልነበረም። አንዱ ሰውነት፣ አንዱ ዓመት፤ ክንዱ ተኝቶ ዱላው ታሪክ ሠራ። አንዳንድ ድረ ገጾች ኦታኒን ለሁለት ከፍለው መቺውን እንደ አንድ ተጫዋች፣ ወርዋሪውን እንደ ሌላ ተጫዋች ያቀርቡታል። በዚያ ዓመት ወርዋሪውን ያቆየ ባዶ እጁን ቀረ።

መቺስ አይሰበርም ወይ የሚለኝ ይኖራል። ይሰበራል። ሮናልድ አኩኛ በ2023 41 ሆም ራን መትቶ 73 ቤዝ ከሰረቀ በኋላ፣ በ2024 ግንቦት ጉልበቱ ተበጥሶ ዓመቱን ሙሉ ከሜዳ ራቀ። የያዘውን ሰው ሐዘን አውቀዋለሁ። አኩኛ ግን በተመለሰበት ቀን የተወረወረለትን የመጀመሪያ ኳስ ከሜዳ አስወጣው። የተጎዳ መቺ ሩጫው ቢቀንስ ዱላው ይቀርለታል። ወርዋሪ ከክንዱ በቀር ምን አለው?

ጠንካራው መቃወሚያ ታሪክ ስኩባል የተባለው ሰው ነው። የዲትሮይቱ ወርዋሪ በ2024ም በ2025ም የሳይ ያንግን ሽልማት ወስዷል፤ ያቆየው ሁሉ ተጠቅሟል። ይህን አልክድም። እሱን በርካሽ ዙር ላገኘው ሰው እኔም አቆየው እለዋለሁ። ነገር ግን ወርዋሪዎች ከየት እንደሚመጡ እንይ። ጋሬት ክሮሼት እስከ 2023 ድረስ ጨዋታ የሚጀምር (ከመጀመሪያው ኢኒንግ የሚወረውር) ወርዋሪ እንኳ አልነበረም፤ በ2025 በስትራይክአውት ከሁሉም በለጠ። ፖል ስኪንስ በ2024 የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው በግንቦት ነው፤ በማግሥቱ ዓመት ሳይ ያንግን ወሰደ። ዲግሮምም ድኖ በ2025 30 ጨዋታ ጀመረ፤ ከእሱ የተጠቀመው በተጎዳበት ጊዜ ሳይለቅ የጠበቀው ሳይሆን በኋላ በርካሽ የመረጠው ነው። ጥሩ ክንድ በየዓመቱ ይበቅላል፤ 40 ሆም ራን የሚመታ ግን በየመንገዱ አይገኝም።

በምርጫው ዕለት የሚረሳ ስሌትም አለ። አሥራ ሁለት ሰው አምስት አምስት ካቆየ 60 ተጫዋቾች ከገበያው ወጥተዋል። ስለዚህ የእኛ «አንደኛ ዙር» በእውነት የአምስተኛና የስድስተኛ ዙር ገበያ ነው፤ ከበይነ መረብ የሚወርደው የተጫዋቾች ደረጃ ዝርዝር በእኛ ሊግ አይሠራም። ርካሽ መቺዎችን ያቆየ ሰው ወደዚያ ገበያ የሚገባው የላይኞቹን ምርጫዎቹን ሁሉ ይዞ ነው፤ የቀሩትን ሁለት ሦስት ጥሩ ወርዋሪዎች ቀድሞ ይወስዳል። ገናና ስሞችን ያቆየው ግን ምርጫዎቹን ከፍሎባቸው ስለጨረሰ እስከ ስድስተኛው ዙር ድረስ ተቀምጦ ያያል።

ቤዝ ሰራቂዎችን በተመለከተ አጭር ማሳሰቢያ አለኝ። በ2023 ሜጀር ሊግ ቤዞቹን አስፍቶ፣ ወርዋሪው ሯጩን ለማስያዝ የሚያደርገውን ሙከራ ከገደበ ወዲህ ስርቆት ከ2,486 ወደ 3,503 ጨምሯል። ከመሮጥ በቀር ሌላ የማያውቅ ተጫዋች እንደ ድሮው ውድ አይደለም፤ ልቀቁት።

ዝርዝራችንን የምናስገባበት ቀን እየቀረበ ነው። እኔ አራት መቺዎችንና በአሥራ ስምንተኛው ዙር ያገኘሁትን አንድ ወጣት ወርዋሪ አስገባለሁ። ባለፈው ዓመት በሁለተኛው ዙር የመረጥኩትን፣ በሊጉ ሁሉ የሚቀናበትን ወርዋሪ እለቃለሁ። ጓደኞቼ ከወዲሁ ደጋግመው እየደወሉ ነው።