ማስተካከያ፦ ጁልየት «የት ነህ?» አላለችም

ባለፈው ቅዳሜ ቱሉ ዲምቱ ለነበረን የወጣቶች የንባብ ምሽት ባዘጋጀሁት ወረቀት ላይ፣ በሼክስፒር «ሮሜዮና ጁልየት» ሁለተኛ ገቢር ጁልየት «ሮሜዮ ሆይ፣ የት ነህ?» እያለች ፍቅረኛዋን እንደምትፈልግ ጽፌ ነበር። ስህተት ነው፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በንግግሯ ውስጥ ያለው «ዌርፎር» የሚለው የድሮ እንግሊዝኛ ቃል «የት» ሳይሆን «ለምን» ማለት ነው።

ጥያቄዋ እንግዲህ «ለምን ሮሜዮ ሆንክ?» ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ልጅቱ ገና 14 ዓመት አልሞላትም፤ የወደደችው የጠላት ቤት ልጅ መሆኑን የሰማችው በዚያው ሌሊት ነው። የጨነቃት የቆመበት ቦታ ሳይሆን የተሸከመው ስም ነው። ወዲያው «አባትህን ካድ፣ ስምህንም ተው» የምትለው ለዚህ ነው። እሱ ታች ቆሞ ይሰማታል፤ እሷ አላወቀችም። «የት ነህ?» ካልን ያ ሁሉ ጭንቅ ድብብቆሽ ይሆናል። «የማን ልጅ ነው?» የሚለው ጥያቄ በእኛም ሰፈር ስንቱን ፍቅር እንዳስቀረ የሚያውቅ ሰው ይህን መስመር ማብራሪያ ሳይሻ ይረዳዋል።

የመጀመሪያ ንግግራቸውን «የሮሜዮ ግጥም» ማለቴም ይታረም። የሁለቱ ነው፦ 14 ስንኝ ያለው ሶኔት። አራቱን እሱ፣ አራቱን እሷ ይሉና የቀረውን እየተቀባበሉ ቤት ይደፋሉ። ገና ሳይሳሳሙ በቃል ተጋብተዋል።

ወረቀቱ እጃችሁ ያለ አርሙልኝ። የጁልየትን ክፍል የምታጠኚው እህታችንም፣ «ለምን» የሚለውን ቃል ጫን አድርጊው።