የአሜሪካ ቤቶች በባንክ የተወረሱት በማን ጥፋት ነው?

እ.ኤ.አ. ከ2006 በኋላ የአሜሪካ የቤት ዋጋ ተንኮታኮተ። ሚሊዮኖች ብድራቸውን መክፈል አቅቷቸው ቤታቸውን ተነጠቁ። ሁለት ጸሐፊዎች በተጠያቂው ማንነት ላይ ተከራክረዋል።

ተከራካሪ 1፦ ማንም ተገድዶ አልፈረመም። ገቢውን አጋኖ የሞላ ነበር። ላስ ቬጋስና ፍሎሪዳ ውስጥ ሊኖርበት ሳይሆን አትርፎ ሊሸጠው ሁለት ሦስት ቤት የገዛም ነበር። ሌላው ደግሞ የቤቱ ዋጋ በጨመረ ቁጥር ተጨማሪ ብድር እየወሰደ መኪና ቀየረበት። ዋጋው ሲወርድ ቁልፉን ጥሎ ሄደ። ዳፋው የተረፈው በየወሩ ሳያጓድል ለሚከፍለው ጎረቤት ነው፤ ሰፈሩ ውስጥ ባዶ ቤት ሲበዛ የእሱም ቤት ዋጋ አብሮ ወረደ።

ተከራካሪ 2፦ ወንድሜ፣ እንዲህ ያሉ ሰዎች ነበሩ፣ አልክድም። ግን ገቢያቸውን ሳያጣራ ገንዘቡን የሰጠው ማነው? አበዳሪው ብድሩን ወዲያው ለዎል ስትሪት፣ ማለትም ለኒው ዮርክ ትልልቅ የፋይናንስ ድርጅቶች፣ ይሸጠው ነበር፤ እዚያ ከሺህ ሌሎች ብድሮች ጋር ተጠቅልሎ ለባለሀብቶች የሚሸጥ ቦንድ ይሆንና፣ ክፍያቸውን ከራሳቸው ከቦንዱ ሻጮች የሚቀበሉ የብድር ደረጃ አውጪ ድርጅቶች ትሪፕል ኤ የሚባለውን ከፍተኛውን የአስተማማኝነት ደረጃ ይሰጡት ነበር። ታዲያ ተበዳሪው ከፈለ አልከፈለ አበዳሪውን ምን ያስጨንቀው ነበር? የብድር ደላላው ደግሞ ደንበኛውን ከፍ ባለ ወለድ ካስፈረመ ኮሚሽኑ ይጨምርለት ነበር።

እስቲ ያኔ 2/28 ይባል የነበረውን የ30 ዓመት ብድር ተመልከት። የመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ወለዱ ዝቅ ያለና የማይለወጥ ነበር፤ የቀሩት 28 ዓመታት ግን ከገበያው ጋር ይወጣል ይወርዳል። ገበያው የሚከተለው የፌደራል ሪዘርቭ (የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ) ወለድ እ.ኤ.አ. በ2003 አጋማሽ 1 በመቶ ነበር፤ በ2006 አጋማሽ 5.25 በመቶ ደረሰ። «አታስብ፣ ዋጋው ሲጨምር በሌላ ብድር ትቀይረዋለህ» የተባለው ሰው፣ ወርሃዊ ክፍያው ሲያሻቅብ የቤቱ ዋጋ ከዕዳው በታች ወርዶ ጠበቀው። አይሸጠው፣ አይቀይረው፣ ምን ያድርግ?

ተከራካሪ 1፦ እህቴ፣ ወለዱ እንደሚለወጥ እኮ ውሉ ላይ ተጽፏል። የ30 ዓመት ዕዳ የሚገባ ሰው አንብቦ መፈረም አለበት።

ተከራካሪ 2፦ እሺ፣ ስለ ማንበብ እናውራ። እ.ኤ.አ. በ2010 ምን እንደተጋለጠ ታስታውሳለህ? ቤት የሚያስወርሱ ሰነዶችን የባንክ ሠራተኞች ሳያነቡ፣ በቀን በመቶዎች እየፈረሙ ፍርድ ቤት ይልኩ ነበር። በ2012 አምስት ትልልቅ ባንኮች ከፌደራል መንግሥትና ከ49 ግዛቶች ጋር በ25 ቢሊዮን ዶላር ተስማሙ። ቤተሰቡን ሳታነብ ፈረምክ ብለህ ከቤቱ ካስወጣኸው፣ ሳያነብ ፈርሞ ያስወጣውንም በዚያው ልክ ጠይቀው።